ባቲ ለምን ትጠፋለች? የሰርቨርና የፕሪንተር ስምን በፓወርቶይስ ሆስትስ ኤዲተር የማስተዳደሪያ ዝርዝር መመሪያ

ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አንድ ቢሮ ነው። ዘጠኝ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነበት አንድ አሮጌ ማሽን (ሰርቨሩ) አላቸው። ሠራተኛው ሁሉ የማሽኑን አይፒ ቁጥር (ኔትወርኩ ላይ የሚገኝበትን አድራሻ) በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፏል። ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩና ማሽኑን «ባቲ» አልኩት። ዘጠኙም ኮምፒውተር ላይ ስሙን ከቁጥሩ ጋር አዛምጄ ጻፍኩ። ሞከርኩ፤ ሠራ። ብጣሹን ሁሉ ገንጥዬ ጣልኩና ወደ ደሴ ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ገንዘብ ያዧ እትዬ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ባቲ እኮ የለችም!» አሉኝ። የባቲ ከተማ ገበያ ሰኞ አይደል? «ገበያ ላይ ትሆናለቻ» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም። የሐረጎን ቁልቁለት እንደገና ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

እሑድ ሌሊት መብራት ሄዶ ኖሯል። ሲመጣ ራውተሩ ቁጥሮቹን እንደ አዲስ አደለ። የባቲ ቁጥር ለአንድ ሠራተኛ ስልክ ደረሰ፤ ባቲ ደግሞ ሌላ ቁጥር ያዘች። ዘጠኙ ኮምፒውተሮች ግን እኔ የነገርኳቸውን አምነው ስልኩን እየጠየቁ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁጥሩን ሳላስር ስም አወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ከሐይቅም ከወልዲያም «ስሙን ጻፍኩት፣ ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» የሚል ጥሪ ሲመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ሆኖ አገኘዋለሁ። ስለዚህ እዚህ ያለውን ቅደም ተከተል አትቀያይሩ። ስሙን መጻፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከሱ በፊት ያለውን የዘለለ ግን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

## ይህ ዘዴ ለማን ይሆናል?

ዊንዶውስ ውስጥ «ሆስትስ» የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ። በአንድ መስመር መጀመሪያ አይፒ ቁጥር፣ ቀጥሎ ስም ይጻፍበታል። ኮምፒውተሩ አንድን ስም ሲፈልግ ውጭ ያለውን ዲኤንኤስ (ስም ሲነግሩት ቁጥሩን የሚመልስ አገልግሎት) ከመጠየቁ በፊት ይህን ፋይል ያያል። ፓወርቶይስ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው የመሣሪያዎች ጥቅል ነው። ውስጡ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ «ሆስትስ ፋይል ኤዲተር» ይባላል። ፋይሉን በኖትፓድ ከመጎርጎር ይልቅ በቅጽ እየሞላችሁ ታስተካክሉበታላችሁ። አጻጻፉ የተበላሸ ቁጥር ስትጽፉ አይቀበላችሁም፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ፋይሉ የሚያገለግለው ያለበትን ኮምፒውተር ብቻ ነው። ባቲ ላይ «እኔ ባቲ ነኝ» ብላችሁ ብትጽፉ ጎረቤቷ አይሰማም። ባቲ በሚፈልጋት በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፋይል ውስጥ ልትጻፍ ይገባል። ስልኮች ከዚህ ዘዴ ምንም አያገኙም። ኮምፒውተሮቻችሁ ከሃያ ከበለጡ ወይም ስልኮችም ስሙን ማወቅ ካለባቸው፣ እዚህ ላይ ቁሙና ስሙን ራውተሩ ላይ ወይም ቢሮው ውስጥ በሚተከል ዲኤንኤስ ላይ ጻፉ። እሱ ሌላ ሥራ ነው። ለአምስት፣ ለስምንት፣ ለአሥራ ሁለት ኮምፒውተር ግን ይህኛው ይበቃል።

## የሚያስፈልጋችሁ

የራውተሩ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል። ይህ በብዙ ቢሮ ጠፍቶ ይገኛል፤ ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ። የእያንዳንዱ ኮምፒውተር የአድሚን የይለፍ ቃል። ንጹሕ ፍላሽ፤ ንጹሕ ስል በጸረ ቫይረስ የተፈተሸ ማለቴ ነው። አንድ ደብተርም ያዙ። በደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ዕቃው፣ ማክ አድሬስ፣ አይፒ ቁጥር፣ ስም። በቃሌ እይዘዋለሁ የሚል ሰው ሐረጎን ደጋግሞ ይወርዳል።

የዊንዶውሱን ዕድሜም እዩ። ፓወርቶይስ ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ቨርዥን 2004 ይፈልጋል። ከዊንዶውስ ቁልፍ ጋር «አር»ን ተጫኑ፤ «ዊንቨር» ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉና ኢንተር በሉ። ቨርዥኑ ይወጣል። ዊንዶውስ 7 ካገኛችሁ እሱን በኖትፓድ ትሠሩታላችሁ፤ ደረጃ 7 ላይ አለ።

## ደረጃ 1፦ ቁጥሩን እሰሩ

ረጅሙ ደረጃ ይህ ነው። አትቸኩሉ።

1.1 ማክ አድሬሱን አግኙ። ማክ አድሬስ የኔትወርክ ካርዱ የራሱ መለያ ነው። አሥራ ሁለት ቁጥሮችና ፊደላት አሉት። ሰርቨሩ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ክፈቱ። በላቲን ፊደል «አይፒኮንፊግ» ጻፉ፣ ስፔስ፣ ስላሽ፣ «ኦል»። «ፊዚካል አድሬስ» የሚለውን ደብተር ላይ ገልብጡ። ለፕሪንተር ከራሱ ሜኑ የኔትወርክ ማሳያ ገጽ አትሙ፤ እዚያ ላይ አለ።

ተጠንቀቁ፦ ኬብልና ዋይፋይ የየራሳቸው ማክ አድሬስ አላቸው። ሰርቨሩ በኬብል ከተገናኘ የኬብሉን ያዙ። ዋይፋዩን ደግሞ አጥፉት። ሁለቱም ከበሩ ማሽኑ ሁለት አይፒ ይዞ ግራ ያጋባችኋል። በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ «ራንደም ሃርድዌር አድሬስስ» የሚለው መጥፋቱን አረጋግጡ። ካልጠፋ ማክ አድሬሱ ይቀያየራል፤ ያሰራችሁት ይፈታል።

1.2 ራውተሩ ላይ ቁጥር አስይዙ። ብሮውዘር ላይ የራውተሩን አድሬስ ጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው። እምቢ ካለ፣ ቅድም ባወጣችሁት ዝርዝር ውስጥ «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለው ትክክለኛውን ይነግራችኋል። ከገባችሁ በኋላ «ላን» ወይም «ዲኤችሲፒ» የሚለውን ፈልጉ። የምትፈልጉት ቦታ እንደ ራውተሩ ዓይነት «አድሬስ ሪዘርቬሽን» ወይም «ስታቲክ ዲኤችሲፒ» ይባላል። ማክ አድሬሱን አስገቡ፤ ከጎኑ የፈለጋችሁትን አይፒ፣ ለምሳሌ 192.168.1.20 ስጡ። ሴቭ አድርጉ።

1.3 እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለስ? አንዳንድ ርካሽ ራውተር የለውም። ያኔ ቁጥሩን ዕቃው ራሱ ላይ በእጅ ሙሉ። መጀመሪያ ግን ራውተሩ የሚያድለው ከየት እስከ የት እንደሆነ እዩ። ከ100 እስከ 199 (የአይፒው መጨረሻ ቁጥር ማለቴ ነው) የሚያድል ከሆነ እናንተ 20ን መያዝ ትችላላችሁ። ከ2 እስከ 254 ሁሉንም የሚያድል ከሆነ መጀመሪያ መነሻውን ወደ 100 ከፍ አድርጉት። ይህን ሳታደርጉ በእጅ የሞላችሁት ቁጥር አንድ ቀን ለሌላ ዕቃ ይታደልና ሁለቱ ይጋጫሉ። ችግሩ አንዴ መጥቶ አንዴ ስለሚጠፋ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው። በእጅ ስትሞሉ ሰብኔት ማስኩን (በአብዛኛው 255.255.255.0) እና ጌትዌዩንም አትርሱ።

1.4 መብራቱን ራሳችሁ አጥፉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ሰርቨሩን በሥርዓት ዝጉ። ፕሪንተሩንና ራውተሩን አጥፉ። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ራውተሩን አብሩ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ስልክ ዋይፋዩ ላይ ይግባ። ሰርቨሩንና ፕሪንተሩን መጨረሻ ላይ አብሩ። አሁን አይፒያቸውን እዩ። ያሰራችሁት ቁጥር ላይ ካሉ ቀጥሉ። ከሌሉ ማክ አድሬሱን ስትገለብጡ ስታችኋል፤ ስምንትን እንደ ላቲኑ «ቢ» ማንበብ የተለመደ ነው። ወደ 1.1 ተመለሱ።

ይህን ሙከራ ስታደርጉ ሒሳብ እየሠራ ያለ ሰው አለመኖሩን ጠይቁ። እትዬን ሳልጠይቅ አንዴ አጥፍቼ የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

## ደረጃ 2፦ ስም አውጡ

የሆስት ስም በላቲን ፊደል ብቻ ይጻፋል። የግእዝ ፊደል እዚህ አይሠራም። ፊደል፣ ቁጥርና አጭር ሰረዝ ይፈቀዳል። ስፔስ አይፈቀድም። የታች ሰረዝም አትጠቀሙ። በፊደል ጀምሩ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት የለውም፤ ሁሉንም በትንሹ ጻፉ።

እኔ መጀመሪያ በአራቱ ቅኝቶች ለመሰየም አስቤ ነበር፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ለወሎ ቢሮ ያምራል። ወደ ላቲን ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ። አምባሰልን አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። ትዝታን «አይ» እና «ኢ» እያቀያየሩ ይጽፏታል። አንቺሆዬን ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሲጽፈው አላየሁም። የተረፈችው ባቲ ናት፤ እሷም በሁለት «ቲ» የሚጽፋት አልጠፋም።

ስለዚህ ስሙን ከመወሰናችሁ በፊት ለሦስት ሠራተኞች ወረቀት ሰጥታችሁ «ይህን በላቲን ጻፉልኝ» በሉ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከጻፉት ስሙ ጥሩ ነው። ሁለት ዓይነት ከመጣ ሁለቱንም ታስመዘግባላችሁ፤ አንድ ቁጥር ብዙ ስም መያዝ ይችላል። ሦስት ዓይነት ከመጣ ሌላ ስም ፈልጉ።

ሦስት ክልክል አለ። ቢሮው ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር የያዘውን ስም አትድገሙ። እውነተኛ ድረ ገጽ የሆነ ስም አትስጡ፤ ያንን ድረ ገጽ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ታጠፉታላችሁ። በ«ነጥብ ሎካል» የሚያልቅ ስምም ተዉ፤ እሱ ዕቃዎች እርስ በርስ ለሚፈላለጉበት ሌላ አሠራር የተያዘ ነው። ነጥብ ያለው ስም ከፈለጋችሁ በ«ነጥብ ኢንተርናል» ጨርሱት። ይህ መጨረሻ በ2024 ለግል ኔትወርክ ብቻ እንዲሆን ተከልሏል፤ ኢንተርኔት ላይ ማንም አይወስደውም። እኔ ሁለቱንም እጽፋለሁ፦ ባቲ፣ እና ባቲ ነጥብ ኢንተርናል። ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታያላችሁ።

## ደረጃ 3፦ ፓወርቶይስን ጫኑ

የመጫኛው ፋይል ከባድ ነው። ዘጠኝ ኮምፒውተር ላይ ዘጠኝ ጊዜ አታውርዱት። አንዴ አውርዳችሁ በፍላሽ አዙሩት። የምታወርዱት ከማይክሮሶፍት የጊትሃብ ገጽ ብቻ ይሁን። ጊትሃብ ላይ ሁለት ዓይነት መጫኛ አለ፤ አንዱ ለአንድ ተጠቃሚ፣ ሌላው ለመላው ማሽን። የመላው ማሽኑን ውሰዱ። የአንድ ተጠቃሚውን በአድሚን አካውንት ከጫናችሁ፣ ሠራተኛው በራሱ አካውንት ሲገባ አያገኘውም።

ከተጫነ በኋላ ሴቲንጉን ክፈቱ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በርተው ነው የሚመጡት። የማትፈልጓቸውን አጥፉ። አለበለዚያ ገንዘብ ያዧ ሳያውቁ ሁለት ቁልፍ ይጫኑና ስክሪኑ ላይ ያልታወቀ ነገር ብቅ ይላል፤ ስልኩ ደግሞ ለእናንተ ይደወላል።

«አድቫንስድ» ከሚለው ሥር «ሆስትስ ፋይል ኤዲተር»ን ምረጡ። «ኦን» መሆኑን አረጋግጡ። «ላውንች አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውንም አብሩ። ያለ አድሚን ፋይሉ ይነበባል እንጂ አይጻፍም።

## ደረጃ 4፦ ቅጂ ያዙ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ክፈቱ። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ። እዚያ ውስጥ «ሆስትስ» የሚል፣ ማራዘሚያ (ከስሙ በኋላ እንደ ነጥብ ቲኤክስቲ ያለ) የሌለው ፋይል አለ። ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጉት፤ ፎልደሩን በኮምፒውተሩ ስም ሰይሙት። ኤዲተሩም ራሱ ለውጥ ከማድረጉ በፊት እዚያው ፎልደር ውስጥ ቀኑ የተጻፈበት ቅጂ ያስቀምጣል። እሱን አምናችሁ የራሳችሁን አትተዉ።

ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ እዩት። በሃሽ ምልክት (#) የሚጀምሩ መስመሮች ማብራሪያ ናቸው፤ አይሠሩም። አዲስ ዊንዶውስ ላይ ከእነዚህ ሌላ ላይኖር ይችላል። በ127.0.0.1 የሚጀምር መስመር ካለ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ነው፤ አትንኩት።

የባንክ፣ የኢሜይል ወይም የጸረ ቫይረስ ድርጅት ስም ከማይታወቅ ቁጥር ጋር ተጽፎ ካያችሁ ቁሙ። ቢሮው ውስጥ «እኔ ጻፍኩት» የሚል ከሌለ ኮምፒውተሩ ተለክፏል። መስመሩን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። ከኔትወርክ ንቀሉት፣ ሙሉ ስካን አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ ወደዚህ ሥራ ተመለሱ።

## ደረጃ 5፦ ስሙን ጻፉ

1. «ላውንች ሆስትስ ፋይል ኤዲተር»ን ተጫኑ። ዊንዶውስ ፈቃድ ሲጠይቅ «የስ» በሉ። የማስጠንቀቂያ ገጽ ይመጣል፤ «አክሰፕት»ን ተጫኑ።
2. «ኒው ኢንትሪ»ን ተጫኑ።
3. «አድሬስ» የሚለው ሳጥን ውስጥ አይፒውን ብቻ ጻፉ፦ 192.168.1.20። የፖርት ቁጥር (ማሽኑ ላይ ፕሮግራሙ የሚገኝበት «በር» ቁጥር) እዚህ አይገባም። ፕሮግራሙ በ8080 የሚከፈት ከሆነ 8080 ብሮውዘሩ ላይ ነው የሚጻፈው። ቅጹ ላይ በጣም የሚበዛው ስህተት ይኸኛው ነው።
4. «ሆስትስ» የሚለው ውስጥ ስሞቹን በስፔስ እየለያችሁ ጻፉ። ኮማ አትጠቀሙ። በአንድ መስመር ከዘጠኝ ስም አታሳልፉ፤ ዊንዶውስ ከዚያ በላይ አይቀበልም።
5. «ኮሜንት» ውስጥ ቀኑንና የእናንተን ስም ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ «ይህን ማን ጻፈው?» ሲባል መልሱ እዚያው ይገኛል።
6. «አክቲቭ» መብራቱን አይታችሁ «አድ»ን ተጫኑ።

«አድ» ደብዝዞ አልጫን ካለ አድሬሱ ወይም ስሙ ውስጥ ስህተት አለ። ፊደል የገባበት ቁጥር፣ ያመለጠ ነጥብ፣ ከግእዝ ኪቦርድ የመጣ ሁለት ነጥብ ፈልጉ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ መጻፍ የጀመረ ብዙ ነው። እኔም ጭምር።

ከመስመሩ ጎን የማስጠንቀቂያ ምልክት ከወጣ ያ ስም ወይም ቁጥር ሌላ መስመር ላይ ተደግሟል። አሮጌውን አትሰርዙ፤ «አክቲቭ»ን ብቻ አጥፉ። ኤዲተሩ መስመሩ ፊት ሃሽ ያስቀምጥበታል፤ ስትፈልጉ ትመልሱታላችሁ።

ሴቭ የሚባል ቁልፍ አትፈልጉ። ለውጡ ወዲያው ይጻፋል። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግም አያስፈልግም።

## ደረጃ 6፦ ፈትኑ

ሦስት ፈተና አለ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ቁጥሩ መልስ ይሰጣል? ኤዲተሩ ውስጥ መስመሩን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፒንግ»ን ምረጡ። ይህ የሚፈትነው ቁጥሩን ነው እንጂ ስሙን አይደለም። አረንጓዴ ስላያችሁ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ቀይ ከሆነም ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። የሰርቨሩ ፋየርዎል ፒንግን ዘግቶ ሌላውን ሊፈቅድ ይችላል።

ስሙ ወደ ቁጥሩ ይመራል? ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ፒንግ»፣ ስፔስ፣ ባቲ ብላችሁ በላቲን ጻፉ። መልስ ባይመጣ እንኳ የመጀመሪያውን መስመር እዩ። በቅንፍ 192.168.1.20 ካለ ዝምድናው ሠርቷል። ሌላ ቁጥር ካለ ወይም ስሙን አላገኘሁም ካለ አልሠራም። «ኤንኤስሉካፕ»ን ለዚህ ፈተና አትጠቀሙ። እሱ ሆስትስ ፋይሉን ዘሎ በቀጥታ ዲኤንኤሱን ነው የሚጠይቀው። ስሙ ፍጹም ደህና ሆኖ ሳለ «የለም» ይላችኋል። አንድ ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን ሲደክም አይቻለሁ።

ብሮውዘሩ ይከፍተዋል? ባቲ ብላችሁ ጻፉና ኢንተር ስትሉ ጎግል ስለ ባቲ ከተማ ሊያወራላችሁ ይችላል። ብሮውዘሩ አንድ ቃል ሲያይ ፍለጋ ይመስለዋል። ከስሙ በኋላ ስላሽ ጨምሩ። ወይም ከፊቱ ኤችቲቲፒ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ ጻፉ፤ ያለ «ኤስ»። ወይም ነጥብ ያለውን ስም፣ ባቲ ነጥብ ኢንተርናልን ተጠቀሙ። ሁለተኛውን ስም የምጽፈው ለዚህ ነው። ሲከፈትላችሁ ቡክማርክ አድርጋችሁ ስጧቸው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጽፈውም።

## ደረጃ 7፦ ወደ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች

አንዱ ላይ ሦስቱንም ፈተና ካለፈ በኋላ ብቻ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። እኔ ዘጠኙን በአንድ ትንፋሽ ሠርቼ ዘጠኙንም አፍርሻለሁ።

ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ከሆኑ እያንዳንዱ ላይ ደረጃ 5ን ድገሙ። ብዙ ከሆኑ የተፈተነውን ፋይል በፍላሽ ወስዳችሁ መተካት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን እዚያ ያለውን ፋይል ከፍታችሁ ተመልከቱ። ሌላ ፕሮግራም የጻፈው መስመር ካለበት ስትተኩት ይጠፋል፤ እዚያ ላይ በእጅ ሥሩ። ባዶ ከሆነ ኮፒ፣ ፔስት፣ «ሪፕሌስ»፣ «ኮንቲኒው»።

ዊንዶውስ 7 ባለበት ማሽን ኖትፓድን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሉ። ከውስጡ ፋይሉን ክፈቱ፤ ፎልደሩ ባዶ ከመሰላችሁ ከታች በቀኝ ያለውን ምርጫ «ኦል ፋይልስ» አድርጉት። መጨረሻ ላይ ቁጥሩን፣ ስፔስ፣ ስሞቹን ጻፉና ሴቭ በሉ። «ሴቭ አዝ» አትበሉ። ኖትፓድ መጨረሻው ላይ ቲኤክስቲ ይቀጥልበትና ዊንዶውስ ፋይሉን ጨርሶ አያየውም። ፋይሉ ግን ዓይናችሁ ፊት ተቀምጧል።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ፓወርቶይስ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዳይነሣ «ራን አት ስታርትአፕ»ን አጥፉ። ዝምድናው ፋይሉ ውስጥ ስለሆነ ፕሮግራሙ ባይነሣም፣ ቢነቀልም ይሠራል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ራም ማባከን ለምን?

## ደረጃ 8፦ ፕሪንተሩን ወደ ስም አዙሩ

ሆስትስ ላይ ስም ስለጻፋችሁ ቀድሞ በቁጥር የተጫነ ፕሪንተር በራሱ ወደ ስም አይዞርም። «ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ»ን ክፈቱ፤ አጠገቡ ያለው «ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ» ሌላ ነው። «ፖርትስ»፣ «አድ ፖርት»፣ «ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርት»። የአድሬሱ ሳጥን ውስጥ በቁጥሩ ፋንታ ስሙን ጻፉ። የሙከራ ገጽ አትሙ። ከወጣ በኋላ ብቻ አሮጌውን ፖርት አስወግዱ። በቁጥር የተሠሩ የዴስክቶፕ ሾርትከቶችንም እንደዚሁ እንደ አዲስ ሥሩ።

## እምቢ ሲል

«ስሙን አላገኘሁም» ይላል። ኮማንድ ፕሮምፕቱን እንደ አድሚን ክፈቱ። «አይፒኮንፊግ»፣ ስፔስ፣ ስላሽ፣ «ፍላሽዲኤንኤስ» ጻፉ። የቆየውን ትዝታ ያጸዳል። አሁንም ካልሆነ ኤዲተሩ ውስጥ «አክቲቭ» መብራቱን፣ ከዚያ ፎልደሩ ውስጥ ያለው ፋይል ማራዘሚያ እንደሌለው እዩ። ኤክስፕሎረር ላይ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ካላበራችሁ ማራዘሚያው አይታያችሁም።

ፒንግ ላይ ይሠራል፣ ብሮውዘሩ ላይ ግን አይከፍትም። መጀመሪያ ቪፒኤን ጠይቁ። ብዙ ሰው ብሮውዘሩ ላይ የቪፒኤን ቅጥያ ጭኖ ይረሳዋል። ያኔ ስሙ የሚፈለገው ሩቅ አገር ባለ ማሽን ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮምቦልቻ ያለችውን ባቲን አያውቃትም። አጥፉና ሞክሩ። ቀጥሎ የፖርት ቁጥሩን እዩ። ቀጥሎ ኤችቲቲፒኤስ ሆኖ እንደሆነ ተመልከቱ።

ኤዲተሩ መጻፍ አልቻልኩም ይላል። አንዳንድ ጸረ ቫይረስ ይህን ፋይል ይቆልፈዋል። ሴቲንጉ ውስጥ ሆስትስን የሚጠብቀውን ክፍል ለጊዜው ፍቱ፣ ጻፉ፣ መልሳችሁ ቆልፉ። ጸረ ቫይረሱን ሙሉ በሙሉ አታጥፉት። ሌላው ምክንያት ፋይሉ «ሪድ ኦንሊ» መሆኑ ነው፤ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ምልክቱን አንሡ።

ቢሮ ይሠራል፣ ቤት ሲወሰድ ሌላ ነገር ይከፍታል። ይህ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ይመጣል። ፋይሉ አብሮ ይጓዛል። እቤት ራውተር ላይ 192.168.1.20 የያዘው የጎረቤት ልጅ ስልክ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ቢሮ ሲወጣ መስመሩ ላይ «አክቲቭ»ን ማጥፋት መፍትሔ ነው፤ ሰው ግን ይረሳል። ለላፕቶፖች ስም ባልጽፍ እመርጣለሁ።

አንዱ ላይ ብቻ አይሠራም። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ተገናኝቶ ይሆናል። የእንግዳው ዋይፋይ ከቢሮው ዕቃዎች ጋር እንዳይገናኝ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ዋናው ላይ አገናኙት።

ከመብራት በኋላ ሁሉም ላይ አይሠራም። ሆስትስን አትንኩ። ወደ ሰርቨሩ ሄዳችሁ አይፒውን እዩ፤ ቁጥሩ ተፈቷል። ራውተሩ ተቀይሮ ወይም ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ተመልሶ እንደሆነ ጠይቁ። ደብተራችሁን አውጡና ደረጃ 1.2ን ድገሙ፤ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ መነካካት የለባችሁም። ማክ አድሬሱ የተጻፈበት ደብተር ካለ በስልክ እየነገራችሁ ማሠራትም ትችላላችሁ። ባለፈው እትዬ ሲደውሉ እንዲሁ አደረግን። «አብሽሩ» አልኳቸውና አሥራ ሁለቱን ፊደልና ቁጥር እያነበብኩ ራሳቸው አስገቡት።